አንድ ቀን የተቀዳ ደም፦ ስለ ውሾች የታይሮይድ በሽታ ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ስለ ንጹህ ዘር ውሾች የታይሮይድ በሽታ የሚያወራ ነው። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለ፣ የሰውነትን ፍጥነት የሚመራ ሆርሞን የሚሠራ ዕጢ ነው። የላከልኝ ወዳጄ «የሉሲን ጉዳይ ነው የጻፉት፤ እየው» አለኝ። ሉሲ ጎልደን ሪትሪቨሬ ናት። አየሁት። አንዴ ሳነበው ደስ አለኝ፤ ስለዚህ በሽታ የሚጽፍ ሰው ብዙ የለምና። ሁለተኛ ሳነበው ግን እስክሪብቶ አነሳሁ።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል። በሽታው የሚመጣው ከምግብ ነው፤ አዮዲን ሲያንስ። ስለዚህ የባሕር አረም ዱቄት ምግቡ ላይ ነስንሱ። የወላጆቹ የታይሮይድ ሰርተፊኬት ንጹህ ከሆነ ቡችላው አይታመምም። የዘረመል ምርመራም ስላለ አርቢ የሚያመካኝበት የለውም። ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ዝቅ ካለ ውሻው ታሟል፤ ክኒን ይጀምር። አንድ የታመመ ከተገኘ ዘመዶቹ በሙሉ ይምከኑ። ክትባት በሽታውን ያመጣል። ጸጉሩ ሲመለስ ክኒኑ ይቁም። ከዚህ ሁሉ ጣጣ መዳን የፈለገ ደግሞ ዲቃላ ይያዝ።

ጸሐፊውን በክፉ አላየውም። ልክ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ፤ ስደርስ እላለሁ። የተሳሳተባቸው ግን አብዛኞቹ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። ጸሐፊው በሽታውን የሚያየው እንደ አምፖል ነው። ወይ በርቷል፣ ወይ ጠፍቷል። የዚህ በሽታ ጠባይ ግን እንደዚያ አይደለም። ዓመታት ይፈጃል። ሲጀምር አይታይም፤ ሲታይ ደግሞ ከጀመረ ቆይቷል።

ከአዮዲኑ ልነሳ። እዚህ ስህተት ውስጥ የሚከተን የራሳችን አፍ ሳይሆን አይቀርም። ለእኛ ታይሮይድ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን እንቅርት ነው። እንቅርት ሲባል ደግሞ አዮዲን ያለው ጨው። ለሰው ልክ ነው። አዮዲን ያጣ ዕጢ ሆርሞን ለመሥራት ሲታገል ያብጣል። የአዋቂ ውሻ ነገር ግን ግልባጩ ነው። ዕጢው አያብጥም፤ ይከስማል። አንገቱን ብትዳብሱት የሚጨበጥ ነገር አታገኙም።

የታይሮይድ ሆርሞን ከሚያንሳቸው አዋቂ ውሾች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ችግራቸው ያለው እዚያው ዕጢው ላይ ነው። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ላይ የሰውነት መከላከያ የራሱን ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ነጭ የደም ሕዋሳት ገብተው ቀስ በቀስ ያፈርሱታል። በሰው ላይ ተመሳሳዩን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ጃፓናዊው ሐኪም ሃካሩ ሃሺሞቶ ነው፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። በቀሩት ግማሾቹ ላይ ዕጢው ሟሙቶ በስብ ተተክቶ ይገኛል። ከእነዚህም የተወሰኑት የዚያው ጥቃት መጨረሻ ናቸው ተብሎ ይታመናል። እሳቱ ጠፍቶ አመዱ ሲቀር ማለት ነው።

ታዲያ የባሕር አረም እዚህ ምን ይሠራል? ምንም። የፋብሪካ የውሻ ምግብ አዮዲን አለው። ከዚያ በላይ ሲጨመር ዕጢው ራሱ ሥራ ሊያቆም ይችላል፤ የአዮዲን ብዛትም እንደ ማነሱ ይጎዳል። አንድ ነገር ግን አልክድም። ሥጋ ብቻ የሚበላ ውሻ አዮዲን ሊያንሰው ይችላል። መላው ግን በማንኪያ መነስነስ ሳይሆን ምግቡን ማስተካከል ነው። በነገራችን ላይ ምግብ ታይሮይድን የሚያበላሽበት ሌላ መንገድም አለ፤ ጽሑፉ አላነሳውም። ዕጢው ያልተነሳለት የከብት ጉሮሮ አዘውትረው የሚበሉ ውሾች ሆርሞኑ ይበዛባቸዋል። ይቁነጠነጣሉ፣ ይከሳሉ፣ ውኃ ያበዛሉ። ጉሮሮው ሲቀር ይሻላቸዋል።

አሁን ወደ ሰርተፊኬቱ። እዚህ ጋ ቆየት እላለሁ፤ ያቃጠለኝ ይህ ነውና።

ሉሲ 6 ዓመት ሊሞላት ስትል መወፈር ጀመረች። የምትበላው አልጨመረም። ደረጃ ስንወጣ መሃል ላይ ቁጭ ትላለች። ድሮ ቁልፍ ስታነሳ በር ላይ የምትቀድምህ ውሻ፣ አሁን አንገቷን ቀና አድርጋ አይታህ መልሳ ትተኛለች። «እርጅና ነው» አልን። ጽሑፉ «ባለቤቶች በሽታውን እርጅና ይሉታል» ያለው እኛን ነው። እውነቱን ነው።

ያነቃን አንድ ትንሽ ቦታ ነው። ሆዷን አሟት ግሉኮስ ስትወስድ የፊት እግሯ ላይ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ተላጨ። ወር አለፈ። ሁለት ወር። ጸጉሩ አልመጣም። በ4ኛው ወርም ቆዳው እንደተራቆተ ነው፤ እንዲያውም ጠቆር ብሏል። ዶክተሯ ያንን ቦታ በጣቷ ዳበስ አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ጅራቷን ያዘች። የጎልደን ጅራት እንደ ጭራ ይዘናፈላል። የሉሲ ግን ሳስቶ የአይጥ ጅራት መስሏል። ከዓይኗ በላይ ያለው ቆዳም አበጥ ብሎ ወደታች ወርዷል፤ ያዘነች ትመስላለች። እኛ ሁልጊዜ የምናየው ፊት ስለሆነ አላስተዋልነውም።

ደሟ ሲመጣ ቲ4 የሚባለው ሆርሞን ወርዷል። ነጻው ቲ4ም፣ ማለትም ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው፣ ወርዷል። ዕጢውን «ሥራ!» እያለ ከአንጎል ሥር የሚያዘው ቲኤስኤች ጣሪያ ነክቷል። ኮሌስትሮሏ ከፍ ብሏል፤ ከ4 ታማሚ ውሾች 3ቱ ላይ ያህል የሚታይ ነገር ነው። በታይሮግሎቡሊን ላይ የተነሱ ፀረ እንግዳ አካላትም ተገኙ። ታይሮግሎቡሊን ሆርሞኑ የሚሠራበት ፕሮቲን ነው። ሰውነት እሱን መውጋት ከጀመረ ዕጢው ውስጥ ጦርነት አለ ማለት ነው።

«እናቷ ግን ተመርምራለች እኮ፤ ሰርተፊኬቷ ቤት አለኝ» አልኳት።

«ስትመረመር ስንት ዓመቷ ነበር?»

«14 ወር።»

ዶክተሯ መልስ አልሰጠችኝም። ወረቀቱን አዙራ ጀርባው ላይ መስመር ሠራች። አንዱ ጫፍ ላይ «ልደት» ብላ ጻፈች፣ ሌላው ጫፍ ላይ «8 ዓመት»። እስክሪብቶዋን መጀመሪያው አካባቢ አሳርፋ «ሰርተፊኬቱ እዚህ ነው» አለችኝ።

በኋላ አርቢው ጋ ደወልኩ። የሉሲ እናት በ5 ዓመቷ ክኒን ጀምራለች። እስከዚያ 3 ጊዜ ወልዳለች። ሰርተፊኬቱ ግን የውሸት አልነበረም። ደሟ በተቀዳበት ቀን ንጹህ ነበረች። እኔ የተናደድኩት በወረቀቱ አይደለም፤ በ5 ዓመቷ የተገኘውን ነገር ቡችላ ለወሰድን ሰዎች ማንም ደውሎ ስላልነገረን ነው።

ጽሑፉ የሳተው እዚህ ነው። የበሽታው ምልክት የሚወጣው ከዕጢው ሦስት አራተኛ ያህሉ ካለቀ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ውሾች የሚታወቅባቸው ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። መንገዱ ላይ ደረጃዎች አሉ። መጀመሪያ ፀረ እንግዳ አካላቱ ይታያሉ፤ ሆርሞኑ ግን ሙሉ ነው፣ ውሻውም ይሮጣል፣ ይጫወታል። ቀጥሎ ቲኤስኤች ይወጣል፤ ዕጢው እየተነዳ ሥራውን ይሸፍናል። ከዚያ ቲ4 ይወርዳል፤ ሰውም ያን ጊዜ ነው የሚያየው። በመጨረሻ የሚወጋ ዕጢ ስለማይቀር ፀረ እንግዳ አካላቱ ራሳቸው ይጠፋሉ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ ውሻ «ፀረ እንግዳ አካል የለበትም» ተብሎ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ በሽታው ነክቶት አያውቅም፣ ወይ ጨርሶታል።

እነዚህን ሰርተፊኬቶች ከሚመዘግቡት ዋነኛው የአሜሪካው ኦርቶፔዲክ ፋውንዴሽን ፎር አኒማልስ ነው። ከ12 ወር ጀምሮ ይመዘግባል። ግን እሱ ራሱ በዚያ አያበቃም። እስከ 4 ዓመት በየዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ድገሙ ይላል። ቲ4ን ብቻም አይቀበልም፤ ነጻ ቲ4፣ ቲኤስኤች እና የታይሮግሎቡሊን ፀረ እንግዳ አካላት፣ ሦስቱም ይታያሉ። እንግዲህ ቡችላ የምትወስዱ ሰዎች ሰርተፊኬት ሲያሳዩዋችሁ መጀመሪያ ውጤቱን አትዩ። ቀኑን እዩ። ቀጥሎ የእናት አባቱን ልደት። ቀንሱ። 4 ካልሞላ «ከዚህ በኋላስ?» በሉ። አያቶቹ በሕይወት ካሉ ስለ አያቶቹ ጠይቁ። የ9 ዓመት ጤነኛ አያት ከ14 ወር እናት ሰርተፊኬት ይበልጥብኛል።

የዘረመል ምርመራው ላይ ጸሐፊው ሁለት በሽታ ቀላቅሏል። አንዱ በእርግጥ ምርመራ አለው። ቶይ ፎክስ ቴሪየር እና ራት ቴሪየር ላይ ከልደት ጀምሮ የሚታይ የታይሮይድ ማነስ አለ። ቡችላው ይቀነጭራል፣ ዓይኑ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ዕጢውም ያብጣል። እንቅርት የፈለገ እዚህ ያገኘዋል። ምክንያቱ አዮዲንን ታይሮግሎቡሊን ላይ የሚያያይዘው ኢንዛይም ጂን ላይ ያለ ስህተት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ታውቋል። ለመታመም ስህተቱን ከእናትም ከአባትም መውረስ ያስፈልጋል። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጣመሩ በአማካይ ከ4 ቡችሎች 1ዱ ይታመማል፣ 2ቱ ተሸካሚ ይሆናሉ፣ 1ዱ ነጻ ነው። ተሸካሚን ከነጻ ጋር ካጣመሩት የሚታመም አይወለድም። ይህን በአንድ የምራቅ ናሙና ታውቁታላችሁ። ጸሐፊው እዚህ ልክ ነው።

የሉሲ በሽታ ግን ሌላ ነው። በዘር ይተላለፋል፤ ይህ አያከራክርም። አንዳንድ ዝርያዎች ላይ ይበዛል፦ እንግሊሽ ሴተር፣ ዶበርማን፣ ጎልደን፣ ቢግል፣ ቦክሰር፣ ኮከር ስፓንየል። ቤተሰብ ውስጥም ይደጋገማል። ነገር ግን «በዘር ይተላለፋል» ማለት «አንድ ጂን ነው» ማለት አይደለም። እስከ ዛሬ በደንብ የተያዘው ፍንጭ ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ጂኖች አካባቢ ነው። ዶበርማንን ጨምሮ በብዙ ዝርያዎች ላይ ከእነዚህ ጂኖች አንደኛው ዓይነት በታማሚዎቹ ላይ በዝቶ ተገኝቷል። አደጋውን ከፍ የሚያደርገው 2 እጥፍ ገደማ ነው። ሁለት እጥፍ ብዙ ይመስላል። ግን ይህን ጂን ይዘው ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙዎች ናቸው። ሳይኖራቸው የሚታመሙም አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ተመራማሪን ያግዛል እንጂ ቡችላ ለመምረጥ አይሆንም። አንድ አርቢ ለጎልደን ቡችላ «በዘረመል ከታይሮይድ ነጻ» የሚል ወረቀት ካሳያችሁ፣ ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ሌላ በሽታ ነው።

አሁን ደግሞ ገንዘብና ጤና ወደሚያባክነው ነጥብ። «ቲ4 ዝቅ ካለ ታሟል።»

ሌላ ወዳጄ ግሬሃውንድ አለው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጸባየ ሸጋ ውሻ። ለዓመታዊ ምርመራ ሄዶ ደሙ ሲታይ ቲ4 ወርዶ ተገኘ። ክኒን ታዘዘለት። 2 ዓመት ዋጠ። እየከሳ ሄደ፣ ሌሊት ያለከልካል፣ ቤት ውስጥ ይንጎራደዳል። ወዳጄ «ታይሮይዱ ባሰበት» ብሎ ይጨነቃል። ሌላ ሐኪም ጋ ሲወስደው የመጀመሪያው ጥያቄ «ማነው ለግሬሃውንድ በቲ4 ብቻ ክኒን ያዘዘው?» የሚል ነበር።

ግሬሃውንድ፣ ሳሉኪ፣ ዊፐት የመሳሰሉ ሯጭ ውሾች ቲ4ቸው በተፈጥሮው ዝቅ ያለ ነው። ላቦራቶሪው «ጤነኛ» የሚለውን የቲ4 መጠን ያወጣው ከሌሎች ዝርያዎች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም በዴሲሊትር አካባቢ። ጤነኛ ግሬሃውንድ ከዚያ በታች ቢመጣ ምንም አልሆነም። ሲጀመር እንዲህ ያሉ መጠኖች የሚሠሩት 95 በመቶ ጤነኞችን እንዲይዙ ተደርጎ ነው። ከ20 ጤነኛ ውሾች አንዱ ከመስመሩ ውጭ መውጣቱ የታወቀ ነው።

የሌሎቹ ዝርያዎች ቲ4 የሚወርድበትም ምክንያት ብዙ ነው። ማንኛውም ከባድ ሕመም ቲ4ን ያወርዳል። ሰውነት ሲታመም ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ዕጢው ግን ደህና ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ያወርዳል። ለማሳከክ የሚሰጡት እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች ያወርዳሉ። ሰልፋ የተባሉት አንቲባዮቲኮች ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ለሳምንታት ከተሰጡ ዕጢው ሆርሞን መሥራቱን በእውነት ያስቆማሉ፤ መድኃኒቱ ሲቀር ይመለሳል። አስቡት። ቆዳው የሚያሳክከው ውሻ ስቴሮይድና ሰልፋ እየወሰደ ደሙ ይቀዳል። ቲ4 ወርዶ ይመጣል። «አሃ! የቆዳው ችግር ታይሮይድ ነው» ይባላል። ዕድሜ ልኩን ክኒን ይውጣል። ማሳከኩ ግን አለ፤ የታይሮይድ ማነስ በራሱ ብዙም አያሳክክምና።

ቲ4 ብቻውን የሚጠቅመው በተቃራኒው ነው። ወደ መሃል ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው ሳይኖር አይቀርም፤ እዚያ ላይ ማቆም ይቻላል። አንዲት ወጥመድ ግን አለች። አንዳንድ ታማሚዎች በራሱ በቲ4 ላይ ፀረ እንግዳ አካል ያበቅላሉ፤ ያ ደግሞ አንዳንዱን የላቦራቶሪ ዘዴ አታልሎ ቲ4ን ከፍ ያለ ያስመስላል። ዝቅ ካለ ደግሞ ጥያቄ ይጀመራል እንጂ መልስ አልተገኘም። ምልክት አለው? ሌላ ሕመምስ? ምን መድኃኒት ላይ ነው? ዝርያው ምንድን ነው? ቲኤስኤችም ፍጹም አይደለም። በእውነት ከታመሙት ከ5 አንዱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ላይ ልክ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ ነው አንድ ቁጥር ይዞ የሚሮጥ ሰው የሚያሰጋኝ።

«ክኒኑ ምን ይጎዳል? ካልጠቀመው ይተወው» የሚሉ አሉ። ከውጭ ሆርሞን ሲገባ ጤነኛው ዕጢ ሥራ ይፈታል። የግሬሃውንዱ ባለቤት ዕውነቱን ለማወቅ ክኒኑን አቁሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት መጠበቅ ነበረበት። ከዚያ በፊት የተቀዳ ደም ምንም አይናገርም። ጠበቀ። ውሻው ደህና ነበር። ያለከልክ የነበረው ከክኒኑ ነው።

ዘመዶቹ በሙሉ ይምከኑ የሚለው ሐሳብ ከቁጣ የመጣ ይመስለኛል። ቁጣው ይገባኛል። የታመመው ራሱ መራባት የለበትም፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን እስቲ እንቁጠር። እህት ወንድሞቹ፣ ወላጆቹ፣ የወላጆቹ ሌሎች ልጆች፣ አጎቶቹ። በሽታው በሚበዛበት ዝርያ ይህን ካደረጋችሁ የሚተርፍ ውሻ ጥቂት ነው። የዝርያ መዝገቦች ደግሞ የተዘጉ ናቸው። የብሪታንያው ኬነል ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1873፣ የአሜሪካው በ1884 ነው። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ዝርያዎች የሚራቡት መዝገቡ ውስጥ ባለው ደም ብቻ ነው። ጠባብ ነው። እሱን የበለጠ ስታጠቡት ታይሮይዱን ሸሽታችሁ ሌላ የተደበቀ በሽታ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይወጣል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ።

እኔ አርቢ ብሆን የማደርገው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ፀረ እንግዳ አካላቱ ከሚወጡባቸው ውሾች አብዛኞቹ 4 ዓመት እስኪሞላቸው ይታወቃሉ። ወንዱን እስከዚያ አቆያለሁ። ወንድ ሊቆይ ይችላል፤ ሴቷን ያን ያህል ማዘግየት ለራሷ ወሊድ ከባድ ስለሚሆን በእሷ ፈንታ እናቷንና አያቷን አያለሁ። ወንዱ ቆንጆ ነው፣ ዋንጫ በልቷል ተብሎ በየቦታው እንዲረግዙለት አላደርግም። አንድ ወንድ በ2 ዓመቱ ጀምሮ በ5 ዓመቱ ቢታመም፣ በመሃል የወለዳቸውን ቡችሎች ማን ይሰበስባቸዋል? የታመመው ውሻ ወንድም ጤነኛ ሆኖ 5 ዓመት ካለፈው፣ ከንጹህ ቤተሰብ ከመጣች ሴት ጋር አጣምሬ ልጆቹን እከታተላለሁ። ቡችላ ለወሰደ ሰው ሁሉ ደግሞ ስልክ እደውላለሁ። በተለይ መጥፎ ዜና ሲኖር።

ዲቃላ ይያዝ የሚለውስ? ግማሽ እውነት አለው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ከ27,000 በላይ ውሾችን መዝገብ ያየ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አለ። 24 የዘር በሽታዎች ተመረመሩ። 10ሩ ንጹህ ዘር ላይ በዝተው ተገኙ፤ የታይሮይድ ማነስ ከ10ሩ አንዱ ነው። 13ቱ ላይ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ዲቃላ ሲሆን ዕድሉ ይቀንሳል። አይጠፋም። ደግሞ ዲቃላ ሁሉ አንድ አይደለም። ጎልደንን ከኮከር ስፓንየል ያዳቀለ ሰው በሽታው ያለባቸውን ሁለት ቤቶች ነው ያጋባው።

ክትባቱ ላይ ብዙ አልልም። ነገሩ ያለ ምክንያት አልተነሳም። ደጋግመው የተከተቡ ቢግሎች ላይ የታይሮግሎቡሊን ፀረ እንግዳ አካላት ጨምረው ታይተዋል። ሆኖም እነዚያው ውሾች ለዓመታት ተከታትለው ዕጢያቸው ሲመረመር ክትባቱ ብግነት እንዳስከተለ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። እኔ ሉሲን አስከትባለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ታይሮይድ አለው።

የቀረው ክኒኑ ነው። «ጸጉሩ ሲመለስ ይቁም» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን ልቀድ ምንም አልቀረኝም። ጸጉሩ የተመለሰው በክኒኑ ነው። የጠፋ ዕጢ አይበቅልም። ስታቆሙት ውሻው ባንድ ጊዜ አይወድቅም፤ ለዚህ ነው ሰው የሚታለለው። ቀስ ብሎ ወደ ደረጃው መሃል ይመለሳል።

ሉሲ ክኒን የጀመረች ጊዜ ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ሁለቴ አነበበው። ሌቮታይሮክሲን፣ 0.7 ሚሊግራም፣ በቀን 2 ጊዜ። «ለሰው ነው?» አለኝ። ለውሻ መሆኑን ስነግረው የባሰ ደነገጠ። አልፈረድኩበትም። ትልቅ ሰው በቀን 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ነው የሚወስደው። ሉሲ ደግሞ 34 ኪሎ ናት። የውሻ አንጀት ግን መድኃኒቱን በደንብ አያሳልፈውም። ያለፈውም ቶሎ ይወጣል። ሰው ደም ውስጥ ግማሹ ለመጥፋት 7 ቀን ያህል ሲፈጅበት፣ ውሻ ላይ ግን ከ9 እስከ 15 ሰዓት ይበቃዋል። ስለዚህ በኪሎ 0.02 ሚሊግራም ይጀመርና በደም እየታየ ይስተካከላል። ደሙ ደግሞ ክኒኑን ከዋጠች ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚቀዳው። ጠዋት 1 ሰዓት ከዋጠች ከ5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ድረስ ማድረስ አለብኝ። አንዴ አርፍጄ ያ ሁሉ ድካም ባክኗል።

መጀመሪያ የተመለሰው ጸጉሯ አይደለም። በ10ኛው ቀን ገደማ ቁልፌን ሳነሳ በር ላይ ቀድማኝ ቆማ አገኘኋት። ጸጉሩ ወራት ፈጀ፤ መጀመሪያ አካባቢ እንዲያውም አሮጌው እየረገፈ ባሰባት። ያቺ የአውራ ጣት ያህል ቦታ በ3ኛው ወር በበቀለ ጸጉር ተሸፈነች። አሁን ፈልጌም አላገኛትም። ክኒኗን ግን ዛሬም ጠዋት ውጣለች።